በሆስፒታል በተኙ ሕፃናት ላይ ከባድ ደንጊን ቀድመው የሚጠቁሙ የደም ምልክቶች

መግቢያ

ትኩሳት ያለባቸውን ሕፃናት የምናክም ባለሙያዎች ሁላችንም ከልምድ ያገኘነው አንድ እምነት አለ፤ ይኸውም ትኩሳቱ ከለቀቀ ሕፃኑ ወደ መዳን እየሄደ ነው የሚል ነው። በወባም ሆነ በሳንባ ምች ይህ እምነት ብዙ ጊዜ አያሳስትም። በደንጊ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ትኩሳቱ በሚለቅበት ዕለት፣ ወላጅም ሐኪምም እፎይ በሚሉበት ሰዓት ነው ፕላዝማ ከደም ሥር ወደ ውጭ መስረጉ የሚበረታው። ከዚያ በኋላ ያሉት ከ24 እስከ 48 ሰዓታት የሕፃኑን ዕጣ የሚወስኑ ናቸው።

በደንጊ ከሚያዙት ሕፃናት አብዛኞቹ ያለ ልዩ ሕክምና ይድናሉ። ጥቂቶቹ ግን ወደ ሾክ፣ ወደ ብርቱ መድማት ወይም ወደ ጉበት፣ ልብና አንጎል ጉዳት ይሸጋገራሉ። እነዚህ ጥቂቶች በወቅቱ ተለይተው ተገቢው ክትትልና ፈሳሽ ከተሰጣቸው የሞት መጠኑ ከ1 በመቶ በታች ይሆናል፤ ሳይታከሙ ከቀሩ ግን እስከ 20 በመቶ ሊደርስ ይችላል። እንግዲህ በአንድ ክፍል ውስጥ ተመሳሳይ ትኩሳት ይዘው ከተኙት ሕፃናት መካከል ነገ ወደ ሾክ የሚገባው የትኛው ነው የሚለው ጥያቄ የሕይወት ጥያቄ ነው። ይህ ጽሑፍ ለዚህ ጥያቄ የደም ምርመራ ምን መልስ እንደሚሰጥ፣ በተለይም በአንድ ተራ የወረዳ ሆስፒታል ላቦራቶሪ አቅም ምን ማወቅ እንደሚቻል ለማብራራት የቀረበ ነው።

ጉዳዩ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. መግቢያ (እ.ኤ.አ. በ2013) በድሬዳዋ በላቦራቶሪ የተረጋገጠ የደንጊ ወረርሽኝ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ተከስቶ ከ11,000 በላይ ሰዎች በበሽታው ተጠርጥረው ተመዝግበዋል። ከዚያ ወዲህ በሶማሌ ክልል በጎዴና በሌሎች አካባቢዎች፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በአፋር ክልል በሎጊያና በሚሌ ታይቷል። በሽታውን የምታስተላልፈው ኤዴስ ኤጂፕቲ የተባለችው ትንኝ በቀን የምትናከስና በቤት ውስጥ በተጠራቀመ ንጹሕ ውሃ የምትራባ ናት፤ የቧንቧ ውሃ በየጊዜው በሚቋረጥባቸው የቆላ ከተሞች ደግሞ በርሜልና ጀሪካን የሌለበት ቤት የለም።

የደንጊ ቫይረስ አራት ዓይነቶች አሉት። በአንዱ የተያዘ ሰው ለዚያው ዓይነት ዘላቂ መከላከያ ቢያገኝም በሌላ ዓይነት ዳግመኛ ሲያዝ ለከባድ ሕመም የመጋለጡ ዕድል ከፍ ይላል። ከእናታቸው በወረሱት ፀረ እንግዳ አካል ምክንያት ከአንድ ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በመጀመሪያው ልክፍታቸውም ሊጎዱ ይችላሉ። ስለሆነም ወረርሽኙ በተደጋገመ ቁጥር ከባድ ሕሙማን እንደሚበዙ መጠበቅ ይገባናል።

ደሙ የሚለወጥበት ቅደም ተከተል

የደንጊን የደም ምልክቶች ለመረዳት ከሁሉ አስቀድሞ የትኩሳቱን ቀን መቁጠር ያስፈልጋል። በካርዱ ላይ «ትኩሳት ለጥቂት ቀናት» ብሎ መጻፍ በዚህ በሽታ ፈጽሞ አይጠቅምም። በሁለተኛው ቀን የተገኘ 150,000 ፕላትሌትና በአምስተኛው ቀን የተገኘ 150,000 ፕላትሌት አንድ ዓይነት ትርጉም የላቸውም። እናትየዋ ቀኑን ካላስታወሰች በገበያ ቀን ወይም በበዓል እያስታወሱ መቁጠር ይቻላል።

በተለመደው ሂደት በመጀመሪያ የሚቀንሱት ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው። ቀጥሎ ፕላትሌት (ደም አርጊ ሕዋሳት) በፍጥነት ይወርዳል። ከዚያ በኋላ፣ ወይም ከእርሱ ጋር፣ ሄማቶክሪት መውጣት ይጀምራል። ሾክ የሚከተለው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ይህ ቅደም ተከተል በባንኮክ የሕፃናት ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት በተደረገ ክትትል በሚገባ የተጠና ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ክፍፍል የሄማቶክሪት መጨመር ከፕላትሌት ፈጣን መቀነስ ጋር ሲመጣ ከማስጠንቀቂያ ምልክቶች አንዱ እንዲሆን አድርጓል። የቀሩት ምልክቶች የሆድ ሕመም፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ የፈሳሽ መቋጠር፣ የድድና የአፍንጫ መድማት፣ መፍዘዝ ወይም መቁነጥነጥ፣ ጉበት ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ መተለቅ ሲሆኑ፣ እነዚህ በአልጋው አጠገብ እንጂ በላቦራቶሪ የሚገኙ አይደሉም።

የነጭ የደም ሕዋሳት ብዛት ከ5,000 በታች ሲወርድና ሊምፎሳይት ከኒውትሮፊል ሲበልጥ ትኩሳቱ ባብዛኛው በሚቀጥሉት 24 ሰዓታት ውስጥ እንደሚለቅ፣ ማለትም አደገኛው ጊዜ እንደደረሰ ይጠቁማል። ይህ እንደ ሰዓት ደወል ነው እንጂ የበሽታውን ክብደት የሚለካ አይደለም። በእኛ አገር ደግሞ ሁለት ማሳሰቢያዎች አሉት። አንደኛ፣ ብዙ ጤናማ ኢትዮጵያውያን ከውጭ መጻሕፍት ዝቅ ያለ የኒውትሮፊል ብዛት አላቸው። ሁለተኛ፣ ታይፎይድም ነጭ የደም ሕዋሳትን ይቀንሳል። አንድ የዊዳል ምርመራ «ፖዘቲቭ» ስለሆነ ብቻ የደንጊን ጥርጣሬ የሚሰርዝ ባለሙያ አለመታጣቱ የሚያሳዝን ነው።

ፕላትሌት፦ ከሚገባው በላይ የተፈራ ቁጥር

ደንጊ ሲባል ብዙዎቻችን ወዲያው የምናስበው ፕላትሌትን ነው። ቁጥሩ ከ50,000 ሲወርድ የሕሙማን ቤተሰብ ደም ለመለገስ ይሮጣል፤ ሐኪሙም ይጨነቃል። በእርግጥ የፕላትሌት በፍጥነት መውረድ፣ በተለይም ከ100,000 በታች መድረሱ፣ የፕላዝማ መስረግ እንደቀረበ ይጠቁማል። ጥቅሙም በዚህ ላይ ነው። ይሁን እንጂ ሕፃናቱን የሚገድላቸው አብዛኛውን ጊዜ የፕላትሌት ማነስ ሳይሆን ሳይታወቅ የቆየ ሾክ ነው። ብርቱ መድማትም ቢሆን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሾኩ ከረዘመ በኋላ ነው።

በሲንጋፖርና በማሌዥያ በአዋቂዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ለማይደማ ሕመምተኛ ፕላትሌት አስቀድሞ መስጠት መድማትን እንደማይከላከል አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ያወጣው መመሪያም የማይደማ ሕመምተኛ ፕላትሌቱ ከ50,000 በታች ቢሆን እንኳ ለመከላከያ ብቻ ተብሎ እንዳይሰጥ ይመክራል። ሌላው ቀርቶ የሚሰጠው ደም ራሱ በፈሳሽ ብዛት ሳንባን ሊያጨናንቅ ይችላል።

የመቁጠሪያ መሣሪያ በሌለበት ወይም በተበላሸበት ቦታ ለወባ የተዘጋጀው ስስ የደም ቅብ ሊረዳን ይችላል። በዘይት ሌንስ አሥር ያህል መስኮችን አይቶ በአንድ መስክ የሚገኘውን አማካይ የፕላትሌት ብዛት በ20,000 ማባዛት ግምታዊ ቁጥር ይሰጣል። በአንድ መስክ አምስት ካልሞሉ ከ100,000 በታች ናቸው ማለት ነው። ስላይዱ ለወባ ተብሎ ለማንኛውም ይሠራል፤ ፕላትሌቱን ማየት ሁለት ደቂቃ ቢጨምር ነው። መሣሪያው ራሱም ሊሳሳት ይችላል፤ ደሙ በቱቦው ውስጥ ትንሽ ከረጋ ወይም ፕላትሌቶቹ ከተጣበቁ ቁጥሩ በሐሰት ይወርዳል። ያልተጠበቀ ቁጥር ሲመጣ ስላይዱን ማየት ግዴታ ነው።

ወባም ፕላትሌትን እንደሚቀንስ መዘንጋት የለበትም። በቆላ አካባቢ የወባ ምርመራው ፖዘቲቭ የሆነ ሕፃን ደንጊም ሊኖረው ይችላል። የሚለያቸው ዋናው ነገር የሄማቶክሪት አቅጣጫ ነው፤ ወባ ሄማቶክሪትን ያወርዳል፣ ከባድ ደንጊ ግን ከፍ ያደርጋል።

ሄማቶክሪት፦ ቁጥሩ ሳይሆን ጉዞው

ፕላዝማ ከደም ሥር ሲወጣ ቀይ የደም ሕዋሳት በውስጥ ይቀራሉ፤ ደሙም ይወፍራል። ሄማቶክሪት ይህን ውፍረት በቀጥታ ስለሚለካ በዚህ በሽታ የሚተካከለው ምርመራ የለም። ከመነሻው 20 በመቶ መጨመሩ ጉልህ የፕላዝማ መስረግ ምልክት ሆኖ ተወስዷል። ነገር ግን «ከመነሻው» የምትለው ቃል ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የቆላ ከተማ ሆስፒታል ስሠራ የስምንት ዓመት ልጅ በሦስተኛ የትኩሳት ቀኑ ተኛ። ሄማቶክሪቱ 30፣ ፕላትሌቱ 140,000 ነበር፤ የወባ ምርመራው ነጻ ነው። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ትኩሳቱ ለቀቀ። እናቱ «አልሃምዱሊላህ፣ ልጄ በረደለት፤ ዶክተር፣ ዛሬ ቤታችን ብንሄድ ምን አለ?» አለችኝ። የዕለቱ የላቦራቶሪ ወረቀት ሄማቶክሪት 36፣ ፕላትሌት 62,000 ይላል። ፕላትሌቱ በቀይ ተሰምሮበታል፤ ከ36 ጎን ግን ምንም ምልክት የለም፣ ጤናማ ቁጥር ነውና። እኔም ዓይኔ የሄደው ወደ ቀዩ መስመር ነበር። የማይደማ ልጅ ስለሆነ እስከ ማታ እንየው ብዬ አለፍኩት፤ ሄማቶክሪቱ እንዲደገምም አላዘዝኩም።

ከሰዓት በኋላ ነርሷ ጠራችኝ። ልጁ ይናገራል፣ ውሃም ይጠይቃል፤ እጅና እግሩ ግን ቀዝቅዟል። የደም ግፊቱ 90 በ75 ነበር። ከላይ ያለውን ቁጥር ብቻ ያየ ሰው ደህና ነው ይላል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ግን 15 ብቻ ነው፤ በሕፃን ላይ 20 እና ከዚያ በታች ከሆነ ደግሞ ሾክ ነው። ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ከ30 ወደ 36 ማለት ልክ 20 በመቶ ጭማሪ መሆኑን አየሁ። ልጁ ከመታመሙ በፊት ደም ማነስ ስለነበረው ደሙ ወፍሮ የደረሰው ጤናማ ልጅ ከሚጀምርበት ቦታ ነው። ምልክቱ ጠዋት በእጄ ነበር።

የደም ማነስ ባለባቸው አገሮች ይህ የዘወትር ወጥመድ ነው። በአንጻሩ ከደጋ የመጣ ሕፃን በመጀመሪያው ቀን 42 ሊኖረው ይችላል፤ ይህ ለእርሱ መነሻው እንጂ የደሙ መወፈር አይደለም። ስለዚህ ትኩሳት ባለበት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ውስጥ የተወሰደ አንድ ሄማቶክሪት ከኋለኞቹ ሁሉ የበለጠ ዋጋ አለው። ሕፃኑ ዘግይቶ ከመጣና መነሻው ካልታወቀ በአካባቢው ካሉ እኩያ ሕፃናት አማካይ ጋር ማመዛዘን ይቻላል፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን ከጥቂት ሰዓታት በኋላ መድገም ነው።

ሄማቶክሪትን ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ካፒላሪ ቱቦና ሴንትሪፉጅ ይበቃሉ። ሆኖም አሠራሩ ካልተጠበቀ የሁለትና የሦስት ነጥብ ስሕተት በቀላሉ ይፈጠራል፤ እዚህ ደግሞ የምንፈልገው የአምስትና የስድስት ነጥብ ለውጥ ነው። ጣት በብርቱ ከተጨመቀ የሕብረ ሕዋስ ፈሳሽ ገብቶ ደሙን ያቀጥነዋል። ፈሳሽ እየተሰጠበት ካለ ክንድ የተወሰደ ደም ዋጋ የለውም። ጠዋት በሴንትሪፉጅ፣ ማታ በአውቶማቲክ መሣሪያ የተለካን ቁጥር ማነጻጸርም አሳሳች ነው፤ በሴንትሪፉጅ የሚገኘው በጥቂቱ ከፍ ይላልና። አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው በእርሱ መከታተል ይገባል።

ቁጥሩ ሲወርድም ማስተዋል ይጠይቃል። ፈሳሽ የተሰጠው ሕፃን ሄማቶክሪቱ ወርዶ፣ እጅና እግሩ ሞቆ፣ ሽንቱ ከጨመረ ሕክምናው እየሠራ ነው። ሄማቶክሪቱ ወርዶ የልብ ምቱ ከፈጠነና ሾኩ ካልለቀቀ ግን በሆድ ውስጥ የተሰወረ መድማት አለ ብሎ ደም ማዘጋጀት ያስፈልጋል። አደገኛው ጊዜ ካለፈ በኋላ ደግሞ የሰረገው ፕላዝማ ወደ ደም ሥር ስለሚመለስ ሄማቶክሪቱ በራሱ ይወርዳል፤ በዚህ ሰዓት ፈሳሽ መስጠት መቀጠል ሳንባን ውሃ መሙላት ነው። አንድ ዓይነት ቁጥር፣ ሦስት ትርጉም። ቁጥሩን ከሕፃኑ ነጥሎ ማንበብ አይቻልም የምለው ለዚህ ነው።

ጉበትና አልቡሚን

ደንጊ ጉበትን ይነካል። እንደ ሌሎች የጉበት ቫይረሶች ሳይሆን ከፍ ብሎ የሚገኘው ኤ.ኤስ.ቲ. (ኤስ.ጂ.ኦ.ቲ.) ከኤ.ኤል.ቲ. ይበልጣል። በታይላንድ ትኩሳት በጀመራቸው በ72 ሰዓታት ውስጥ የተመዘገቡ ሕፃናትን የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናት፣ በኋላ ፕላዝማቸው የሰረገባቸው ሕፃናት ገና ትኩሳቱ ሳይለቅ የኤ.ኤስ.ቲ. መጠናቸው ከሌሎቹ ከፍ ያለ እንደነበረ አመልክቷል። ከሁለቱ ኢንዛይሞች አንዱ 1,000 ከደረሰ ደግሞ የሚጠቁመው የነገን ሳይሆን የዛሬን ነው፤ በራሱ ከባድ ደንጊ ተብሎ ይመደባል።

አልቡሚን ከፕላዝማ ጋር ስለሚወጣ መጠኑ ይቀንሳል። ፈሳሽ ቀድሞ በመሰጠቱ ሄማቶክሪቱ ሳይወጣ ለቀረ ሕፃን፣ ወይም እየደማ ላለ ሕፃን፣ የአልቡሚን መቀነስ የፕላዝማውን መስረግ ይመሰክራል። አልትራሳውንድ ባለበትም በሳንባ ዙሪያ የተቋጠረ ውሃና የሐሞት ከረጢት ግድግዳ መወፈር ይህንኑ ያረጋግጣሉ። ላክቴት የሚለካበት ቦታ ያሉ ባልደረቦች ሾኩን ለመከታተል ሊጠቀሙበት ይገባል፤ እንደ ቅድመ ጠቋሚ ግን ዘግይቶ የሚመጣ ነው።

በምርምር ላይ ያሉ ምልክቶች

ኤን.ኤስ.1 የተባለው የቫይረሱ ፕሮቲን ከመጀመሪያው የትኩሳት ቀን ጀምሮ በደም ውስጥ ስለሚገኝ ደንጊን ለማረጋገጥ በስፋት ያገለግላል። በታይላንድ ሕፃናት ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት በመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት ውስጥ መጠኑ በአንድ ሚሊ ሊትር 600 ናኖ ግራምና ከዚያ በላይ የሆነባቸው ሕፃናት ለከባዱ ሕመም ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጡ ጥናቶች ደግሞ ይህ ፕሮቲን የደም ሥሮችን የውስጥ ሽፋን ራሱ እንደሚያላላ ስላመለከቱ ግኝቱ ትርጉም አግኝቷል። ነገር ግን በእጃችን ያለው ፈጣን መመርመሪያ «አለ» ወይም «የለም» ብቻ ስለሚል መጠኑን አይነግረንም። ዳግመኛ በተያዙት፣ ማለትም ይበልጥ በምንፈራላቸው ሕፃናት፣ ፕሮቲኑ ቶሎ ስለሚጠፋ በአምስተኛው ቀን የተገኘ ኔጋቲቭ ውጤት ማንንም ሊያዘናጋ አይገባም።

ከዚህም ሌላ የደም ሥር ሽፋን ሲጎዳና የሰውነት መቆጣት ሲበረታ የሚጨምሩ ንጥረ ነገሮች ይጠናሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ፣ በቬትናም፣ በካምቦዲያ፣ በማሌዥያና በኤል ሳልቫዶር የተካሄደ ጥናት እንደ ሲንዴካን 1፣ አንጂዮፖየቲን 2፣ ፌሪቲንና ሲ.አር.ፒ. ያሉ አሥር ምልክቶችን በሕመሙ የመጀመሪያ ቀናት መርምሮ ብዙዎቹን በአንድነት ማየት አንዱን ብቻ ከማየት የተሻለ እንደሚተነብይ፣ ለሕፃናትና ለአዋቂዎች የሚስማማው ጥምረትም የተለያየ እንደሆነ አሳይቷል። ከእነዚህ መካከል በብዙ ሆስፒታሎቻችን የሚገኘው ሲ.አር.ፒ. ነው፤ እርሱም በባክቴሪያ ሕመም ስለሚጨምር ለብቻው የሚመሰክረው ጥቂት ነው። በግሌ የካፒላሪ ቱቦ እጥረት ያለበት ክፍል ስለ ሲንዴካን ከመጨነቁ በፊት ቱቦውን ቢያሟላ እመርጣለሁ።

በክፍሉ ውስጥ ሥራ ላይ ሲውል

የማስጠንቀቂያ ምልክት ላለበት ወይም ፕላትሌቱ በፍጥነት ለወረደ ሕፃን ሄማቶክሪት ቢያንስ በየስድስት ሰዓቱ፣ ፈሳሽ ከተጀመረ ደግሞ ከመጀመሪያው መጠን በፊትና በኋላ መለካት አለበት። ውጤቶቹን በተለያዩ ወረቀቶች ላይ ተበትነው ከመተው ይልቅ በአንድ ሠንጠረዥ ላይ የትኩሳቱ ቀን፣ ነጭ የደም ሕዋስ፣ ፕላትሌት፣ ሄማቶክሪት፣ የደም ግፊት ልዩነትና የሽንት መጠን ጎን ለጎን ቢጻፉ ተረኛው ባለሙያ በአንድ እይታ አቅጣጫውን ያያል። የላቦራቶሪ ባለሙያውም ያለፈውን ውጤት ቢያውቅ «ጤናማ» ከማለት ይልቅ «ከትናንት በስድስት ነጥብ ጨምሯል» ብሎ ሊጽፍልን ይችላል። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም። ለትኩሳት ከፓራሲታሞል በቀር አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ እንዳይሰጡ መጠንቀቅም መድማትን ከሚያባብሱ ነገሮች ይጠብቃል።

ሕፃኑ ወደ ቤቱ የሚሄደው ትኩሳቱ ያለ መድኃኒት ከለቀቀው 48 ሰዓት ሲሞላው፣ ምግብ ሲወስድና ሽንቱ ሲስተካከል፣ ፕላትሌቱ መውጣት ሲጀምርና ሄማቶክሪቱ ያለ ደም ሥር ፈሳሽ ሲረጋ ነው።

ከላይ ያነሣሁት ልጅ በአንድ ሰዓት ውስጥ በኪሎ 10 ሚሊ ሊትር ሪንገር ላክቴት ከተሰጠው በኋላ እጁ ሞቀ፤ የግፊቱ ልዩነትም ሰፋ። ፈሳሹን በየሰዓቱ እየቀነስን፣ ሄማቶክሪቱን እየደጋገምን ሌሊቱን አሳለፍን። በስምንተኛው የሕመሙ ቀን ሄማቶክሪቱ 31፣ ፕላትሌቱ 118,000 ሆኖ ለደም ማነሱ የአይረን ሽሮፕ ይዞ ከእናቱ ጋር ወጣ።